መርከብ ስትቸገር ጎታቹ ማን ነው?

በመካከላችን ስለ ባሕር ሲነሣ ወሬው ሁሉ አንድ ነው፤ ወደብ። ወደብ ነበረን፤ ወደብ አጣን፤ ወደብ ያስፈልገናል። ክርክሩ ተገቢ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ባሕር በር ብቻ አይደለም። በሩ ካለፈ በኋላ ውሃው ላይ የሚደርስ ነገር አለ። ሞተር ይጠፋል፤ መሪ ይሰበራል፤ እሳት ይነሣል። በዚያን ሰዓት መርከቢቱን ጎትቶ የሚያወጣት ማን ነው? ወጪውንስ የሚችለው ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው። (ለየት አድርገን ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

አንዳንድ ጓደኞቻችን ርእሱን ሲሰሙ መሳቃቸው አልቀረም። «የጫንጮ ልጆች ስለ መርከብ ምን አገባችሁ?» አሉን። እውነት ነው፤ ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ባሕር ከእርሷ በጣም ሩቅ ነው። ይሁን እንጂ የጫንጮ ሰው የመጎተትን ነገር ከማንም አሳንሶ አያውቅም። የጎጃም መንገድ በመካከሏ ያልፋል። ማዳበሪያ የጫነው፣ ብረት የጫነው፣ ሲሚንቶ ሊያመጣ ወደ ደርባ የሚታጠፈው ከባድ መኪና ሁሉ የሚያልፈው በእርሷ ላይ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቆሞ ሲቀር ምን እንደሚደረግ ልጆች እንኳ ያውቁታል። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። ከኋላ የሚመጣው እንዲጠነቀቅ ድንጋይና ቅጠል አስፋልቱ ላይ ይደረደራል። ሾፌሩ አላፊውን እያስቆመ ካቦ ይለምናል፤ ካላገኘም ጎታች እስኪመጣ እዚያው ያድራል። መኪናው ግን የትም አይሄድም። ታኮው ይዞታል፤ መሬቱም መሬት ነው።

ባሕር ላይ ታኮ የለም። ሞተሯ የጠፋ መርከብ ቆማ አትጠብቅም፤ ጎኗን ለማዕበል ሰጥታ ነፋስ ወደ ነዳት ትሄዳለች። መልሕቅም ቢሆን የሚረዳው ጥልቀቱ ሲፈቅድ ነው። ውሃው ጥልቅ ከሆነ መሬት አይነካም፤ ቢነካም በማዕበል ጊዜ እየተጎተተ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩ የሰዓት ስሌት ነው። ነፋሱ መርከቢቱን በሰዓት ሁለት የባሕር ማይል የሚገፋት ቢሆንና አለቱ በሃያ ማይል ርቀት ላይ ቢገኝ ያላት ዕድሜ አሥር ሰዓት ነው። ጎታቿ መርከብ በሰዓት አሥራ አምስት ማይል ብትገሠግሥ በአሥር ሰዓት የምትደርሰው መቶ ሃምሳ ማይል ነው። እንግዲህ ከዚህ ርቃ የቆመች ጎታች፣ ጎታች ሳትሆን የአደጋው ምስክር ናት ማለት ነው።

ጎታች ስንል ደግሞ በየወደቡ ውስጥ መርከቦችን እየገፋች የምታስጠጋውን ትንሿን መርከብ ማለታችን አይደለም። በማዕበል መካከል መቶ ሺህ ቶን የጫነ ታንከር ይዞ ለመቆም ከፍተኛ የሞተር ኀይል፣ ከባድ ካቦ፣ ካቦውን የሚጠቀልል ብርቱ መሣሪያና በዚሁ ሥራ የሠለጠነ መርከበኛ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለች መርከብ ዋጋዋ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ዓመትም የምታሳልፈው በመጠበቅ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የባሕር ሕግ ከጥንት ጀምሮ ሰውንና ንብረትን ለይቶ ያያል። በ1910 ብራስልስ ላይ የተፈረመው ስምምነት እንደሚለው በባሕር ላይ በሞት አፋፍ ያለን ሰው ማዳን የእያንዳንዱ ካፒቴን ግዴታ ነው፤ ከዳነውም ሰው ዋጋ አይጠየቅም። መርከቢቱንና ጭነቱን ማዳን ግን በፈቃድ የሚሠራና ዋጋ የሚከፈልበት ሥራ ነው። አዳኞች ለረዥም ዘመን ሲዋዋሉበት የኖሩት የለንደኑ የሎይድ ውል መሠረቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ካላዳንህ ክፍያ የለህም። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። ደፋሩን ያበረታታል፤ ሰነፉን ያስቀራል። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። የሚከፍለው ለተጎተተችው ሰዓት እንጂ ለተጠበቀችው ዓመት አይደለም። ነጋዴ ደግሞ የማይከፈለውን መጠበቅ ለዘለዓለም አይጠብቅም።

ይህ ጉድለት ምን እንዳስከተለ ታሪክ ይመሰክራል። በመጋቢት 16 ቀን 1978 አሞኮ ካዲዝ የምትባል ታንከር ከፈረንሳይ አገር ከብረታኝ ጠረፍ አጠገብ መሪዋ ተበላሸ። የጀርመን ጎታች የሆነችው ፓሲፊክ ደረሰችላት። ካቦ ለማያያዝ በሚታገሉበት ሰዓት በምን ዓይነት ውል ትጎተት የሚለው ምልልስ ከማዕበሉ ጋር አብሮ ቀጠለ። ካቦው ተበጠሰ። መርከቢቱም በዚያው ምሽት ፖርሳል ከሚባለው መንደር አጠገብ አለት ላይ ወጣች፤ ሁለት መቶ ሃያ ሺህ ቶን የሚያህል ድፍድፍ ነዳጅ ባሕሩን አጥለቀለቀው። ዓሣ አጥማጁና የመንደሩ ሰው በውሉ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ጉዳቱ ግን የእነርሱ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የፈረንሳይ መንግሥት ነገሩን ለገበያ ብቻ መተው አልወደደም። አቤይ ፍላንድር የተባለችውን ብርቱ ጎታች ተከራይቶ በብረስት አቆማት። ነፋሱ ሲበረታ ወጥታ ትጠብቃለች፤ ጸጥ ሲል ትመለሳለች። እንግሊዝ ግን ትምህርቱን ያገኘችው ዘግይታ ነው። በጥር 5 ቀን 1993 ብሬር የተባለች ታንከር በሼትላንድ ደሴቶች አጠገብ ሞተሯ ጠፋ። ሠራተኞቿ በሙሉ ዳኑ፤ መርከቢቱን ግን በጊዜ ደርሶ የያዛት አልተገኘም። ሰማንያ አምስት ሺህ ቶን ያህል ነዳጅ ፈሰሰ። በማግሥቱ ዓመት ሎርድ ዶናልድሰን የመሩት መርማሪ ጉባኤ መንግሥት ጎታቾችን በየጠረፉ እንዲያቆም መከረ፤ መንግሥትም አቆመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው። ይባስ ብሎም በ2011 በጀት ሲጠብ «ያለ ሥራ ቆመው ገንዘብ ይበላሉ» ተባለና ጎታቾቹ ተቀነሱ፤ በስኮትላንድ ሰሜን የምትጠብቀዋ ብቻ ቀረች።

«ያለ ሥራ ቆመው» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልን፤ የክርክሩ ቍልፍ እርሱ ነውና። የእሳት አደጋ መኪና ዛሬ ቤት አልተቃጠለምና ሥራ ፈት ነው ይባላልን? ዘበኛ ሌሊቱን ሌባ ስላልመጣ ደመወዙ ይቀነሳልን? የጎታች መርከብ ሥራዋ መጠበቅ ነው፤ መጎተት የመጠበቋ ፍሬ ነው። ይህን ዐይነቱን ሥራ ገበያ ሊከፍለው አይችልም፤ ምክንያቱም የሚጠቀመው ሁሉ ነው፣ ውል የሚፈርመው ግን ማንም አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሕዝብ በመንግሥቱ በኩል ተባብሮ ይከፍለዋል፤ ካልከፈለም ይቀርበታል። ሦስተኛ መንገድ ያለ አይመስለንም።

አሁን ወደ ራሳችን ባሕር እንመለስ። የራሳችን የምንለው በባለቤትነት አይደለም። ከ1993 ጀምሮ ጠረፍ የለንም፤ ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህም በአሰብ የሚገባው ጭነት ቆሞ ወጪና ገቢያችን አብዛኛውን በጅቡቲ ሆኗል። የእኛ ያልነው ኑሯችን ያለው በእርሱ ላይ ስለ ሆነ ነው። ከሰበታ የሚነሣው የባቡር ሐዲድ ጅቡቲ ደርሶ ይቆማል፤ የአገራችን ጉዳይ ግን እዚያ አይቆምም። በጫንጮ በኩል ወደ ጎጃም የሚወጣው ማዳበሪያ መጀመሪያ በባብ ኤል መንደብ ወይም በኤደን ባሕረ ሰላጤ ውሃ ላይ የነበረ ነው።

በዚያ ውሃ ላይ የሆነውን ደግሞ ሁላችንም ሰምተናል። በየካቲት 18 ቀን 2024 ሩቢማር የምትባል የጭነት መርከብ በየመን ሁቲዎች ሚሳይል ተመታች። ሠራተኞቿ ተርፈው ወደ ጅቡቲ ተወሰዱ። መርከቢቱ ሃያ አንድ ሺህ ቶን ያህል ማዳበሪያ እንደ ጫነች፣ ውሃ እየገባባት፣ ሰው ሳይኖርባት፣ ቀስ በቀስ ስትንሳፈፍ ሰነበተች። በመጋቢት 2 ቀን ሰጠመች። ከተመታችበት እስከ ሰጠመችበት ዐሥራ ሦስት ቀን ነው። በዚያው ሰሞን በባሕሩ ወለል ላይ የተዘረጉ ሦስት የመገናኛ መስመሮች ተበጠሱ፤ የሩቢማር መልሕቅ እየተጎተተ ሳይበጥሳቸው እንዳልቀረ ተነገረ። እንግዲህ ጎታች ያጣች አንዲት መርከብ የገበሬውን ማዳበሪያ ብቻ ሳይሆን የተማሪውን ኢንተርኔት ጭምር ይዛ ልትሄድ ትችላለች ማለት ነው።

በነሐሴ 21 ቀን 2024 ደግሞ ሱኒዮን የተባለች የግሪክ ታንከር ተመታች። የጫነችው መቶ ሃምሳ ሺህ ቶን ያህል ድፍድፍ ነዳጅ ነበር። ሃያ አምስቱን ሠራተኞች የአውሮፓ ኅብረት የጦር መርከብ አንሥቶ ወደ ጅቡቲ አደረሳቸው። መርከቢቱ እየነደደች ቀረች። የመጀመሪያው የመጎተት ሙከራ ሁኔታው አያስተማምንም ተብሎ ተቋረጠ። በመስከረም አጋማሽ በጦር መርከቦች ታጅባ አይጋዮን ፔላጎስ የምትባል ጎታች ደረሰችና ጎትታ አወጣቻት። ነዳጁ አልፈሰሰም። ቢፈስ ኖሮ ከአሞኮ ካዲዝ ጋር የሚወዳደር ጥፋት በቀይ ባሕር ላይ በሆነ ነበር። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ አድናቆታችንንም አንነፍገውም። ነገር ግን አንድ ነገር ሳንጠይቅ አናልፍም። ከተመታችበት እስከ ተጎተተችበት ሦስት ሳምንት ያለፈው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ጦርነቱ መሆኑ ግልጽ ነው። ሌላው ግን በአካባቢው የሚኖሩት መንግሥታት ለእንዲህ ዐይነቱ ቀን አዘጋጅተው ያቆሙት የራሳቸው ጎታች አለመኖሩ ነው። የዳነችው ከሩቅ በመጡ ሰዎች ፈቃድና ወጪ ነው። በሐምሌ 2025 ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉት መርከቦች በተከታታይ ሲመቱ ግን የተረፈ ነገር የለም፤ ሁለቱም ሰጠሙ።

«ይህ ሁሉ የባለጠጎች መርከብ ነገር ነው፤ እኛን ምን ቸገረን?» የሚል ቢኖር የምንመልሰው አለን። በመጀመሪያ መርከቦች አሉን። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት በ1964 ተቋቁሞ ጠረፋችን ከሄደ በኋላም ሥራውን አላቆመም፤ ዛሬ በባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ስም ይሠራል። ቻይና አገር አሠርቶ ካስመጣቸው መርከቦች መካከል በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በጋምቤላና በአሶሳ ስም የተጠሩ አሉ። በከተሞቻችን ስም የምትጠራ መርከብ ሞተሯ ቢጠፋ የምትለምነው ካቦ የማን ነው?

ሁለተኛው ይበልጥ የሚነካን ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶችን አሠልጥኖ በውጭ አገር መርከቦች ላይ እንዲሠሩ ሲልክ ቆይቷል። በቢሾፍቱም የባቦጋያ አካዳሚ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው የየብስ መንገድ ደግሞ በጫንጮ በኩል ነው። የዛሬው ተማሪ ጓደኛችን ነገ ሻንጣውን ይዞ በዚያ አውቶቡስ ያልፋል፤ ከዓመት በኋላም በማናውቀው ባንዲራ ሥር፣ በማናውቀው ውሃ ላይ፣ በሞተር ክፍል ውስጥ ይገኛል። መርከብ ስትቸገር መጀመሪያ ሙቀቱንና ጭሱን የሚቀምሰው የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሰው ወሬ ሳይሆን የእኛው የራሳችን ጉዳይ ነው።

ሦስተኛውን ስንጽፍ እጃችን ይከብዳል። በዚያው ባሕር ላይ ስም የሌላቸው ጀልባዎች አሉ። ከጅቡቲና ከሶማሊያ ጠረፍ ተነሥተው ወደ የመን የሚሻገሩት የእኛ አገር ልጆች ናቸው የሚሞሏቸው። በነሐሴ 2025 መጀመሪያ በየመን በአብያን ጠረፍ አጠገብ አንዲት እንዲህ ያለች ጀልባ ተገልብጣ ብዙ ኢትዮጵያውያን አለቁ። ሕጉ ሰውን ማዳን ግዴታ ነው ይላል። ግዴታ ግን መርከብ አይሆንም፤ የሚደርስ ሞተርና የሚወረወር ገመድ ይፈልጋል። ነዳጅ የጫነችው መርከብ ስትቸገር መድን ሰጪው ይጨነቃል፤ ጎታችም ዋጋ ታያለች። ሰው ብቻ የጫነችዋ ጀልባ ግን ለአዳኙ የምታስገኘው ትርፍ የለም። በባሕር ዳርቻ የምትጠብቅ የሕዝብ ጎታች ብትኖር ኖሮ ለታንከሩ የወጣችው ያው መርከብ ለጀልባዋም በወጣች ነበር። ስለ መጠበቅ ዋጋ አብዝተን የምንናገረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቅሬታ ብቻ ጽፎ መተው የተማሪ ልማድ ነው ይሉናል፤ እኛ ግን ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በጅቡቲ ላይ የምትቆም፣ የአካባቢው መንግሥታት በጋራ የሚከፍሉባት የአደጋ ጊዜ ጎታች ትኑር። የጀልባ ወንበዴዎችን ለመከላከል በ2009 የወጣውን የጅቡቲ የሥነ ምግባር ደንብ ኢትዮጵያ ከፈረሙት አንዷ ናት፤ በ2017 በጅዳ የተሻሻለውንም ፈርማለች። መሰብሰቢያው ጉባኤ እንግዲህ አለ። ለወንበዴ የተሰበሰበ ጉባኤ ለማዕበልና ለእሳት የማይሰበሰብበት ምክንያት አይታየንም። ከሚገባው ጭነት በየቶኑ ጥቂት ሳንቲም ቢዋጣ በአንድ ነጋዴ ላይ የማይከብደው በአንድነት ካቦ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን?

ሁለተኛ፤ በ1955 ምጽዋ ላይ የተመሠረተውን ባሕር ኀይላችንን መልሶ ለማቋቋም ከ2019 ወዲህ ሥራ ተጀምሯል። ብዙዎች ስለ ባሕር ኀይል ሲያስቡ መድፍ ይታያቸዋል። እኛ ግን ከምትገዛው መርከብ ሁሉ መጀመሪያ የምትገዛው ጎታች ትሁን እንላለን። መድፍ የጫነች መርከብ በሰው ውሃ ላይ ስትታይ ጎረቤት ይጠረጥራል። ካቦ የጫነች መርከብ ስትታይ ግን ጎረቤት ይጠራታል። ጠረፍ የሌለው ሕዝብ ወደ ባሕር በክብር የሚመለስበት ከዚህ የተሻለ መንገድ ማን ያሳየናል?

ሦስተኛ፤ በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የባሕር ሕጋችን በባሕር ላይ ስለሚደረግ ርዳታና ማዳን ደንግጓል። ሲወጣ ለዘመኑ የበቃ ሕግ ነበር። ነገር ግን የተጻፈው አሞኮ ካዲዝ ከመሰበሯ ዐሥራ ስምንት ዓመት አስቀድሞ ነው። ዓለም ከዚያ ወዲህ ብዙ ተምሯል። በ1989 ለንደን ላይ የተደረገው የማዳን ስምምነት መርከቢቱ ባትተርፍ እንኳ ባሕሩ እንዳይበከል የደከመ አዳኝ ወጪው እንዲታሰብለት አድርጓል። የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲያጡ እንሰማለን። ይኸው ርእስ!

ተቃዋሚ እንደማይጠፋ እናውቃለን። «በጎሐጽዮን ቁልቁለት ፍሬን ለበጠሰው መኪና የሚደርስ ጎታች ሳናሟላ በቀይ ባሕር ላይ እናቁም ማለት ቅብጠት ነው» የሚል ይኖራል። ይህን ተቃውሞ አንንቀውም፤ እኛም በዚያው መንገድ ላይ ያደግን ነን። ግን ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መሆናቸውን ልብ እንበል። በዐባይ በረሃም በቀይ ባሕርም የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ክፉ ቀን ሳይመጣ ተዘጋጅቶ ለሚጠብቅ ሰው የመክፈል ልማድ። በየብስ ላይ ይህን ጉድለት እስካሁን የሸፈነው የሾፌሩ ወንድማማችነት ነው፤ አላፊው ቆሞ ካቦውን ያውሳል። ይህ ደግ ባህል ነው። ነገር ግን ደግነት እስኪያልፍ መጠበቅ የመንግሥት ሥራ አይደለም። መንገዱ ላይ የሚቆመውንም ጎታች፣ ባሕሩ ላይ የምትቆመዋንም ጎታች ባንድ አፍ እንጠይቅ።

«ጠረፍ የሌለው አገር በባሕር ጉዳይ ምን ድምፅ አለው?» ለሚለውም ስዊዘርላንድን እንጠቅሳለን። በተራሮች መካከል የተዘጋች አገር ስትሆን ከ1941 ጀምሮ ባንዲራዋን የሚያውለበልቡ የንግድ መርከቦች አሰማርታለች። ባሕር የሚያከብረው ጠረፍ ያለውን ብቻ ሳይሆን ግዴታውን የተወጣውንም ነው።

ወንድሞችና እኅቶች! ስለ ወደብ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ባሕሩ ምን እንደሚሰጠን ነው። እኛስ ለባሕሩ የምንሰጠው ምንድን ነው? ነገ በር ቢከፈትልን እንኳ የምንገባው ግዴታ ወዳለበት ቤት ነው። ጎረቤት ሲቸገር የሚወረወር ካቦ ይዘን ካልገባን እንግዶች እንጂ ቤተኞች አንሆንም። የተማሪዎች ማኅበራችን በሚቀጥለው የክርክር ምሽት ይህን ርእስ እንዲያቀርበው እናሳስባለን። የምህንድስናው ተማሪ የካቦውን ጥንካሬ ያስላ፤ የኢኮኖሚክሱ ተማሪ በየቶኑ የሚዋጣውን ሳንቲም ይቍጠር፤ የሕጉ ተማሪ ውሉን ይርቀቅ። እኛ የሥነ ጽሑፉ ክፍል ልጆች ሌላው ቢያቅተን ጥያቄው እንዳይረሳ እንጽፋለን።